ሞቶር ስለ ተገጠመለት ቢሲክሌት፤ ኃይሉ ከሞቶሩ ወደ መንኰራኵሩ ስለሚደርስበት መንገድ

ለክቡራን የዞንና የወረዳ ሹማምንት፥ ለእርሻ ባለቤቶችም፤

ሞቶር የተገጠመለት ቢሲክሌት ለወረዳ ሥራ ሊገዛ በታሰበ ጊዜ ሻጩ የሚጠየቀው ጥያቄ ዘወትር አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም «የሞቶሩ ኃይል ስንት ነው? በሰዓትስ ስንት ኪሎ ሜትር ይሮጣል?» የሚል ነው። እኔም የግዢ ወረቀት በማዘጋጀት ብዙ ዓመት የቈየሁ ጸሐፊ ስለ ሆንሁ፥ ይህንኑ ጥያቄ በገዛ እጄ ስንት ጊዜ እንደ ጻፍሁት ቈጥሬ አልጨርሰውም። አሁን ግን ጥያቄው ያለ ቦታው የተቀመጠ መሆኑን በዓይኔ አይቼ ስለ ተረዳሁ፥ እኔ የሠራሁትን ስሕተት ሌላው እንዳይደግመው ይህን አሳቤን በትሕትና አቀርባለሁ። ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ሞቶሩ ኃይሉን በምን መንገድ ወደ መንኰራኵሩ ያደርሳል የሚለው ነው። በሰንሰለት ነውን ወይስ በቺንጋ? ማርሽ አለውን ወይስ የለውም? የፊተኛው ብረት ጥርሱ ስንት፥ የኋለኛውስ ስንት ነው? ሰንሰለቱ ባለቀ ጊዜ ምትኩ በቅርብ ገበያ ይገኛልን? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ሻጭ ስንት የፈረስ ጕልበት ቢጠራ የመንግሥትን ገንዘብ ሊቀበል አይገባውም።

በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ቃላት ለአንባቢ ግልጽ እንዲሆኑ አስቀድሜ ላስታውቅ። የመካኒኮቻችን ቋንቋ አብዛኛው ከኢጣልያንኛ የተወሰደ ነው። ሰንሰለቱን ካቴና፥ ትልቁን ባለ ጥርስ ክብ ብረት ኮሮና፥ ትንሹን ፒኞን፥ የላስቲኩን ጠፍር ቺንጋ ይሉታል። ኮሮና ማለት ዘውድ ማለት ነው፤ ከ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ ወዲህ ስሙ ቢከፋም ብረቱ ግን ጥፋት የለበትም።

ከጥቂት ዓመት በፊት ለዕቃ ቈጠራ ወደ አንድ የደጋ ወረዳ ተልኬ ስሄድ፥ ከከተማው ራቅ ብሎ ባለ አቀበት ሥር አንድ ወጣት የእንስሳት ክትባት ሠራተኛ ቢሲክሌቱን በጐኑ አስተኝቶ፥ የበረዶ ሳጥኑን በጋቢው ሸፍኖ ተቀምጦ አገኘሁት። በሳጥኑ ውስጥ የነበረው ለበግና ለፍየል ደስታ መሰል በሽታ የሚሰጠው ክትባት ነበር። ይህ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ካልተጠበቀ ኃይሉን ያጣል። ከአቀበቱ በላይ ያለው ሕዝብ ደግሞ ከንጋት ጀምሮ በጉንና ፍየሉን በበረት ሰብስቦ ይጠብቀው ነበር።

«ምን ሆንህ፥ ልጄ? ሞቶሩ ተበላሸ እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ኧረ ጋሼ፥ ሞቶሩስ ጤነኛ ነው፤ ካቴናው ነው የተበጠሰው» አለኝ።

በእኛ መኪና አሳፍረን ልንወስደው ብንል፥ መንገዱ ከዚያ በላይ ለመኪና የሚሆን አልነበረም። በእግሩ ሲደርስ በረዶው ቀልጦ፥ ክትባቱ ሞቆ፥ ሕዝቡም ተስፋ ቈርጦ ተበትኖ ነበር። ያን ሕዝብ እንደገና ለመሰብሰብ ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ በዚሁ መካከል በሽታው ከአንድ መንጋ ገባ። ባለቤቲቱ ባል የሞተባት ሴት ነበረች፤ ከአሥራ አንድ ፍየሎችዋ የተረፉላት አራት ናቸው። እኔ ይህን ነገር እንደ መካኒክ ጕዳይ ብቻ ልቈጥረው ያልቻልሁት ስለዚህ ነው።

ወደ ወረዳው ግምጃ ቤት ገብቼ መዝገቡን ብመለከት፥ ከዚያ ቢሲክሌት ጋራ አብረው የተገዙት ሁለቱ «ሞቶራቸው ተበላሽቶ የቆሙ» ተብለው ተጽፈዋል። ሞቶራቸውን ብናስነሣው ሁለቱም ወዲያው ተነሡ። የተበላሸው ሌላ ነው፤ የፒኞኑ ጥርስ ተበልቶ እንደ ማጭድ ታጥፏል፥ ሰንሰለቱም ረዝሞ በጥርሱ ላይ እየዘለለ አልይዝ ብሏል። ነገሩን ስንመረምር ሻጩ በግዢ ወረቀታችን ላይ «ፍጥነት ያለው ይሁን» የሚል ቃል ስላገኘ፥ ከፋብሪካው የመጣውን ባለ 44 ጥርስ ኮሮና አውጥቶ ባለ 36 ጥርስ ገጥሞበት ነበር። ያን ቃል የጻፍሁት እኔ ነኝ። የወጣው ባለ 44 ጥርስ ኮሮና ደግሞ በግምጃ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ፥ በመዝገቡ ላይ «ጥርስ ያለው የብረት ሳህን፥ አገልግሎቱ ያልታወቀ» ተብሎ ተመዝግቦ አገኘሁት። እንዲህ ብሎ የመዘገበውም ከእኔው ጋራ በአንድ ጠረጴዛ የተማረ ጸሐፊ ነው።

አሁን የስምንት ጥርስ ልዩነት ይህን ያህል ጥፋት ስለ ምን ያደርሳል ለሚል አንባቢ ሒሳቡን ላሳይ። ይህ ዓይነቱ ሞቶር ከቻይና አገር በሳጥን ሆኖ የሚመጣ፥ ዘይት ከቤንዚን ጋራ ተቀላቅሎ የሚጨመርበት፥ 66 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሚሆን ትንሽ ሞቶር ነው። ማርሽ የለውም፤ ፍሪሲዮን ብቻ አለው። በሞቶሩ ውስጥ ባለ 20 ጥርስ ብረት ባለ 82 ጥርሱን ያዞራል፤ ከውጭ ደግሞ ባለ 10 ጥርስ ፒኞን በሰንሰለት አማካይነት ባለ 44 ጥርሱን ኮሮና ያዞራል። ስለዚህ ሞቶሩ 18 ጊዜ ሲዞር መንኰራኵሩ አንድ ጊዜ ይዞራል። ኮሮናው 36 ጥርስ በሆነ ጊዜ ግን ሞቶሩ 15 ጊዜ እንኳ ሳይሞላ መንኰራኵሩን አንድ ዙር ሊያዞር ይገደዳል። በሜዳ ላይ ሞቶሩ በደቂቃ 5,000 ጊዜ ቢዞር የመጀመሪያው በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር፥ ሁለተኛው 42 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሻጩ የሚያሳየን ይህን ስምንት ኪሎ ሜትር ነው። አቀበቱን ግን አያሳየንም።

ሰውየውና ቢሲክሌቱ ከነጭነቱ 110 ኪሎ ቢመዝኑ፥ መንገዱም በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር ከፍ የሚል ቢሆን፥ መንኰራኵሩ 11 ኪሎ የሚያህል ጭነት ወደ ላይ መጐተት አለበት። የመንኰራኵሩ ግማሽ ስፋት፥ ማለት ከመካከሉ እስከ ጐማው ጫፍ ያለው ርቀት፥ 33 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የባለ 44 ጥርሱ ኮሮና ግማሽ ስፋት 8.9 ሳንቲ ሜትር፥ የባለ 36 ጥርሱ 7.3 ሳንቲ ሜትር ነው። 11ን በ33 አብዝቶ በ8.9 ያካፈለ ሰው 41 ያገኛል፤ በ7.3 ያካፈለ 50 ያገኛል። ይህም ሰንሰለቱ የሚሸከመው ጭነት በኪሎ ነው። ትልቅ ድንጋይ በረጅም አጣና የፈነቀለ ገበሬ ይህን ሕግ ያለ ሒሳብ ያውቀዋል፤ እንጨቱ ባጠረ መጠን ጕልበት የሚጠይቀው እየበዛ ይሄዳል።

ከዚህም ሌላ የደጋ አየር ስስ ነው። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ስፍራ አየሩ በቆላ ካለው በሩብ ያህል ስለሚቀንስ፥ የቤንዚን ሞቶር ኃይልም በዚያው መጠን ይቀንሳል። እንግዲህ ኃይሉ የቀነሰ ሞቶር ከባዱን ጭነት በዝግታ ሲጐትት ሰንሰለቱን በእኩል አይስብም፤ በየምቱ እየነጠረ ይመታዋል። ነጂውም እንዳይቆምበት ፍሪሲዮኑን በድንገት እየለቀቀ ያስነሣዋል። በዚህ ጊዜ በሰንሰለቱ ላይ የሚያርፈው ጭነት ከላይ ካሰላነው እጅግ ይበልጣል። የዚያ ወጣት ሰንሰለት የተበጠሰው እንዲሁ ነው።

የሰንሰለት ነገር ሲነሣ አንድ የተለመደ ስሕተት ላርም። «ሰንሰለቱ ተሳበ» ይባላል፤ ብረቱ ግን እንደ ላስቲክ አልተሳበም። ሐንስ ሬኖልድ የተባለ መሐንዲስ በ1880 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በማንችስተር ከተማ ከሠራው ወዲህ የሰንሰለቱ አሠራር በመሠረቱ አልተለወጠም። እያንዳንዱ መጋጠሚያ አንድ ሚስማርና ሚስማሩ የሚዞርበት ቀለበት አለው። ሰንሰለቱ ወደ ጥርሱ በገባና ከጥርሱ በወጣ ቍጥር ሚስማሩ በቀለበቱ ውስጥ ጥቂት ይዞራል፥ በዞረም መጠን ይፋቃል። በባለ 44 ጥርስ ላይ መጋጠሚያው የሚታጠፈው 8 ዲግሪ ያህል ነው፤ በባለ 10 ጥርስ ላይ ግን 36 ዲግሪ ይታጠፋል። ስለዚህ ሰንሰለቱን የሚፈጀው ትንሹ ፒኞን ነው፤ ፒኞኑም ራሱ ከኮሮናው ይልቅ አራት ጊዜ ከግማሽ ያህል ፈጥኖ ስለሚዞር እያንዳንዱ ጥርሱ በዚያው ልክ ብዙ ጊዜ ይመታል። እጅግ ትንሽ ፒኞን ያለበት ዕቃ ርካሽ መስሎ ቢታይም ሰንሰለት በላተኛ ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም፥ አዲስም አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኤውሮፓ ደኽይታ ሕዝቧ አውቶሞቢል ለመግዛት ባልቻለበት ጊዜ፥ መሐንዲሶችዋ ለቢሲክሌት ትንሽ ሞቶር መግጠም አበዙ፤ እያንዳንዱም በየራሱ መንገድ ሄደ። ፈረንሳዮች ከ1946 ጀምሮ የሸጡት ቬሎሶሌክስ ሰንሰለት ለሞቶር አላስፈለገውም፤ ሞቶሩ ከፊተኛው መንኰራኵር በላይ ተቀምጦ፥ አንዲት ክብ ድንጋይ መሳይ ተሽከርካሪ በጐማው ላይ ተጭና እየፈተገች ታዞረው ነበር። ለጠፍጣፋና ለተነጠፈ መንገድ ግሩም ነገር ነው። ዝናብ ሲዘንብ ግን ትንሸራተታለች፥ ጭቃ ሲነካት ጐማውን ትበላለች፤ በሐምሌ ወር የእኛን የገጠር መንገድ ያየ ሰው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አይፈልግም።

ኢጣልያኖች ደግሞ በዚያው ዘመን ኩቾሎ የሚባል 48 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሆነ ሞቶር ሠሩ፤ ትርጓሜው ቡችላ ማለት ነው፥ ድምፁ የቡችላ ጩኸት ይመስል ነበርና። አልዶ ፋሪኔሊ የተባለው ሰው በቱሪን ያሰበውን ዱካቲ የተባለው ፋብሪካ ከ1946 ጀምሮ በብዛት ሠርቶታል። ኩቾሎ የሚያስመሰግነው ትንሽ ሆኖ ሳለ ሁለት ማርሽ የነበረው መሆኑ ነው፤ ኃይሉንም በቢሲክሌቱ በራሱ ሰንሰለት ወደ ኋላ ይልክ ነበር። አቀበት ሲመጣ ማርሽ ይለወጣል፥ ሞቶሩም እፎይ ይላል። ተራራማ አገር ያለው ሰው የሠራው መሆኑ ይታወቃል።

ሦስተኛው መንገድ የቺንጋ ነው። ሞቶቤካን የተባለው የፈረንሳይ ፋብሪካ በ1949 ያወጣው ሞቢሌት ኃይሉን ከሞቶሩ በቺንጋ ተቀብሎ ከዚያ በኋላ በሰንሰለት ወደ መንኰራኵሩ ያደርስ ነበር። ኋላ በወጡት ዓይነቶች ላይ ቺንጋው የሚሄድበት ክብ ብረት በራሱ እየሰፋና እየጠበበ ማርሹን ያለ ነጂው እጅ ይለውጣል። በምዕራብ አፍሪካ፥ በተለይም በዋጋዱጉ ከተማ፥ ሞቢሌት ብዙ ዘመን የሕዝብ መጓጓዣ ሆኖ ኖሯል። ቺንጋ የሞቶሩን ንዝረት ስለሚያለዝብ ሰንሰለቱን ያሳርፈዋል፤ ነጂውም ማርሽ መለወጥ መማር አያሻውም። ረጅም አቀበት ላይ ግን ቺንጋው እየተንሸራተተ ይግላል፥ የጋለ ቺንጋም ዕድሜው አጭር ነው። ዛሬ ደግሞ ሰንሰለትን ጨርሶ የሚተካ፥ በውስጡ የካርቦን ክር ያለበት ባለ ጥርስ ቺንጋ አለ፤ ዘይት አይፈልግም፥ አይዝግም። ሆኖም እርሱን ለማስገባት የቢሲክሌቱ አካል በአንድ በኩል የሚከፈት ሆኖ መሠራት አለበት፤ በመንገድ ላይ ቢበጠስም እንደ ሰንሰለት አንድ መጋጠሚያ አውጥቶ መቀጠል አይቻልም። ስለዚህ ለትልቅ ከተማ መልካም ነው፤ ከከተማ ሁለት ቀን ርቆ ለሚሠራ ሰው ግን እኔ አልመክረውም።

አሁን ሹማምንት አብልጠው የሚጠይቁት ስለ ኤሌክትሪኩ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥታችን በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፥ ለቢሲክሌትም ቢሆን «ኤሌክትሪክ ይሁን» የሚለው ቃል በየወረቀቱ ላይ ይነበባል። አሳቡ መልካም ነው፤ የኤሌክትሪክ ሞቶር በደጋ አየር አይደክምም። ነገር ግን ኤሌክትሪክ የሚለው ስም ብቻ በቂ አይደለም፤ እዚህም ጥያቄው ያው የመንገዱ ጥያቄ ነው። ሞቶሩ በመንኰራኵሩ እምብርት ውስጥ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል፤ ወይም በፔዳሉ ቦታ፥ በመካከል የተቀመጠ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ እንደ አህያና እንደ በቅሎ የተለያዩ ናቸው።

በእምብርት ውስጥ ያለው ሞቶር ኃይሉን በሰንሰለት አይልክም፤ ሰንሰለቱ የሰውየውን እግር ብቻ ስለሚሸከም ብዙ ዘመን ይቈያል። ይህ ታላቅ ጥቅም ነው። ጕድለቱ በአቀበት ላይ ይታያል። ከላይ የጠቀስሁትን 110 ኪሎ በዚያው አቀበት ላይ 250 ዋት ብቻ ቢያወጣው ፍጥነቱ በሰዓት ከ8 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር እንዲዞር የተሠራ ሞቶር ማርሽ ሳይኖረው በዚህ ዝግታ ሲገደድ፥ ከባትሪው የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከግማሽ በላይ ሙቀት ይሆናል። በመጨረሻ የሚቃጠለው ርካሹ ሰንሰለት ሳይሆን ውዱ ሞቶር ነው። በውስጡ ትንንሽ ጥርሶች ያሉት ዓይነት በአቀበት ይሻላል፤ ነገር ግን ጥርሶቹ አብዛኛውን ጊዜ ከናይለን የተሠሩ ስለ ሆኑ የጋለ ጊዜ ይላጣሉ፥ ምትካቸውም በወረዳ ገበያ አይገኝም።

በመካከል ያለው ሞቶር ግን ኃይሉን በቢሲክሌቱ ሰንሰለትና ማርሽ ስለሚልክ፥ ነጂው ከኋላ ያለውን ትልቁን ኮሮና ከመረጠ ሞቶሩ እንደ ልቡ እየዞረ አቀበቱን ይወጣል። በዚህ ፈንታ ሰንሰለቱ የሰውንም የሞቶሩንም ኃይል በአንድነት ይሸከማል። እዚህ ላይ የነጂው ዕውቀት ሁሉን ይወስናል። በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር ብቻ ከፍ በሚል ለስላሳ አቀበት ላይ እንኳ፥ ከኋላ በባለ 34 ጥርሱ ቢሄድ ሰንሰለቱ የሚሸከመው 26 ኪሎ ያህል ነው፤ ማርሽ መለወጥ ሰንፎ በባለ 11 ጥርሱ ቢሄድ ግን ከ80 ኪሎ በላይ ይሸከማል። መንገዱ አንድ፥ ሰውየው አንድ፥ ሞቶሩም አንድ ሆኖ ሳለ በአንዲት ጣት እንቅስቃሴ የሰንሰለቱ ሸክም ሦስት እጥፍ ይሆናል። ማርሹንም ሲለውጥ ሞቶሩን ለቅጽበት ማሳረፍ አለበት፤ ኃይል እየሳበ የተለወጠ ማርሽ ጥርስ ይሰብራል።

የእኔ አሳብ እንዲህ ነው። ሜዳ ለሆነው ለቆላው አገር፥ ለአዋሽ ዳርቻና ለጋምቤላ ሜዳ፥ በእምብርት ያለው ሞቶር ይበቃል፥ ሰንሰለትም ያድናል። ለደጋውና ለሸለቆው አገር ግን ማርሽ የሌለው ሞቶር፥ ቤንዚንም ይሁን ኤሌክትሪክ፥ መግዛት ገንዘብን ከገደል መጣል ነው። ሰንሰለቱ ቶሎ ያልቃል ተብሎ ማርሽ ያለውን መተው ስሕተት ነው፤ ሰንሰለት የተሠራው እንዲያልቅ ነው። ሞቶሩ ትንሽ ከሆነ ደግሞ በኋለኛው እምብርት ውስጥ ሦስት ማርሽ ያለበትን የቀድሞውን የእንግሊዝ አሠራር ባይንቁት ይሻላል። ስተርሜ አርቸር የሚባለው ይህ ዓይነት ከ1902 ጀምሮ የታወቀ ሲሆን፥ ዝቅተኛው ማርሹ ከመካከለኛው ሩብ ያህል ይቀንሳል፥ ከፍተኛው ሲሶ ያህል ይጨምራል። ጥርሶቹ በዘይት ውስጥ ተዘግተው ስለሚኖሩ አቧራ አያገኛቸውም፤ ሰንሰለቱም ወደ ጐን ሳይጣመም ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ወፍራሙንና ጠንካራውን ሰንሰለት መጠቀም ይቻላል። ለብርቱ ሞቶር ግን አይሆንም፥ ይሰበራል።

ሰንሰለትን ከጭነቱ ቀጥሎ የሚፈጀው አቧራ ነው። ብዙ ነጂዎች ሰንሰለቱ ሲጮኽ ዘይት ያፈሱበታል፤ ከሞቶር የወጣ ጥቍር ዘይት የሚያፈስበትም አይቻለሁ። በአቧራ ላይ የፈሰሰ ዘይት ግን ከአቧራው ጋራ ተቦክቶ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይፈጫል። ትክክለኛው ሥራ ሰንሰለቱን አስቀድሞ በነጭ ጋዝና በብሩሽ አጥቦ ማድረቅ፥ ከዚያ በየመጋጠሚያው አንዳንድ ጠብታ ንጹሕ ዘይት አድርጎ ፔዳሉን እያዞሩ ማስገባት፥ በመጨረሻም የውጭውን ዘይት በጨርቅ መጥረግ ነው። ዘይቱ የሚያስፈልገው ከውስጥ እንጂ ከውጭ አይደለም። በበጋ በየሳምንቱ፥ በክረምት ጭቃ በገቡ ቍጥር ይህን ቢያደርጉ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ሰንሰለቱም ከመካከሉ ሲነካ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር መላላት አለበት፤ ከዚህ በላይ ከጠበቀ ኩሽኔታውን ይፈጃል፥ ከላላም ይወልቃል። በሰንሰለቱ ላይ ተጭኖ የሚያጠብቀው ትንሽ ተሽከርካሪ ቡሎኑ ላልቶ ወደ ራጂው ከገባ ነጂውን ይጥላልና ይህንም በየጊዜው ማየት ነው።

ሰንሰለቱ ማለቁን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም፤ በጸሐፊ እጅ የሚገኝ የብረት ማስመሪያ ይበቃል። አዲስ የቢሲክሌት ሰንሰለት ከሚስማር እስከ ሚስማር 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ሳብ አድርጎ ይዞ 24 መጋጠሚያ ቢለኩ 304.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ብዙ ማርሽ ላለበት ቀጭን ሰንሰለት ከ306 ሚሊ ሜትር ሲያልፍ፥ ማርሽ ለሌለበት ወፍራም ሰንሰለት ደግሞ 308 ሚሊ ሜትር ሊደርስ ሲል መለወጥ ነው። በዚህ ጊዜ የተለወጠ እንደ ሆነ ጥርሱ ገና ጤነኛ ስለሚሆን አንድ ኮሮና ሁለት ሦስት ሰንሰለት ያሳልፋል። የዘገየ እንደ ሆነ ግን የረዘመው ሰንሰለት ጥርሱን በራሱ መጠን ይቀርጸዋል፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ሰንሰለት ቢገጥሙበት አይስማማውም፥ እየዘለለ እርሱንም ያበላሸዋል። ያን ጊዜ ሁሉንም በአንድነት መግዛት ግድ ይሆናል።

ወደ ዋናው ልመናዬ ልምጣ። ባየኋቸው መዝገቦች ሁሉ ሰንሰለትና ፒኞን ከቢሲክሌቱ ጋራ በቋሚ ዕቃ ውስጥ ተቈጥረዋል። ቋሚ ዕቃ አለቀ ለማለት ኮሚቴ መሰብሰብ፥ ቃለ ጉባኤ መጻፍ፥ ወደ ዞን መላክ፥ ከዞንም መልስ መጠበቅ ያስፈልጋል። በዚህ ወራት ሁሉ ሠራተኛው ወይ ባለቀው ሰንሰለት ይነዳል፥ ወይ በእግሩ ይሄዳል። ቤንዚንና ዘይት ግን አላቂ ዕቃ ስለ ሆኑ የወረዳው ሹም በራሱ ፊርማ ያወጣቸዋል። ሰንሰለት ከቤንዚን የሚለየው ቀስ ብሎ በማለቁ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰንሰለት፥ ፒኞንና ኮሮና በአላቂ ዕቃ እንዲመዘገቡ፥ ለእያንዳንዱ ቢሲክሌትም ከመጀመሪያው ሦስት ሰንሰለትና ሁለት ፒኞን አብሮ እንዲገዛ አሳቤን አቀርባለሁ።

ይህን ለአንድ ባልደረባዬ ብነግረው «ለሌባ በር ትከፍታለህ፤ ሰንሰለቱ ሁሉ በገበያ ይሸጣል» አለኝ። ነገሩ ውሸት አይደለም፤ ስለዚህ አሮጌውን ሰንሰለት ያልመለሰ አዲሱን አይውሰድ፥ የተመለሰውም በግምጃ ቤቱ ፊት በማስመሪያ ተለክቶ ልኩ በመዝገብ ይጻፍ። 308 ያልደረሰ ወፍራም ሰንሰለት ይዞ የመጣ ሰው ስለ ምን እንደ መጣ ይጠየቅ። ደግሞም ሰንሰለቱ በሦስት ሳምንት 308 የሚደርስበት ነጂ ካለ፥ ማርሽ አጠቃቀም ያልተማረ ወይም ኮሮናው ያልተስማማው ነውና መዝገቡ ራሱ ያስታውቀናል። ስርቆትን ፈርቶ ሰንሰለት መከልከል ግን በቅሎ እንዳትሰረቅ ብሎ ገብስ እንደ መንፈግ ነው።

በግዢ ወረቀቱም ላይ «ፍጥነት ያለው» የሚለው ቃል ተሰርዞ፥ በእርሱ ፈንታ የወረዳው ታላቁ አቀበት እንዲጻፍ ያስፈልጋል፤ በየ100 ሜትሩ ስንት ሜትር ከፍ እንደሚል፥ ነጂው ከነጭነቱ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን። ሻጩ በዚያ አቀበት ላይ የሚወጣ ማርሽና ኮሮና እንዲያቀርብ፥ ከመረከብም በፊት ጭነቱን ጭኖ በዚያው አቀበት እንዲያስፈትን በውሉ ይግባ። በአንድ ወረዳ የሚገዙት ቢሲክሌቶችም ሰንሰለታቸው አንድ ዓይነት ቢሆን፥ የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው ይሆናል። የእርሻ ባለቤቶችም ለራሳቸው ሲገዙ ይህንኑ ቢጠይቁ አይጐዱም።

ያ የክትባት ሠራተኛ አሁንም በዚያው ወረዳ ነው። በመዝገቡ ላይ «አገልግሎቱ ያልታወቀ» የተባለውን ባለ 44 ጥርስ ኮሮና አውርደን ከአዲስ ፒኞንና ከአዲስ ሰንሰለት ጋራ ገጠምንለት፤ በሜዳ ላይ ፍጥነቱ እንደ ቀነሰ ነግሮኛል። ባለፈው ወር ለቈጠራ ስመለስ ሰንሰለቱን በራሱ ማስመሪያ ለካልኝ፤ 305 ሚሊ ሜትር ከግማሽ ነበር።